የሁዳዴ ወባ

ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ ሽታውን ክዳን አያስቆመውም። እኔ የፕላስቲክ ጠርሙሱን በፌስታል አድርጌ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ከቦርሳዬ ግርጌ ከነጠላዬ በታች ቀብሬው ነበር። አባዱላው ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ አዋሽ አርባን ሳያልፍ ግን ተሳፋሪው እየተገላመጠ ይተያይ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠችው የአፋር ሴት ሻሿን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ይሄ ነገር ካንቺ ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«መድኃኒት ነው ልጄ፣ የወባ መድኃኒት። ወንድሜ ሰመራ ታሞብኝ ነው።»

«አላህ ያሽረው» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ወላሂ ይሄን ከጠጣው ወባዋ ብቻ አይደለችም የምትሞተው» ብላ መስኮቱን ከፈተችው። ከኋላ ያሉት ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሣቀም። የወንድሜ ልጅ ሰብለ በጠዋት ደውላ፣ «አክስቴ፣ አባዬን ያ ወባው ጣለው። የዘንድሮው እንደ ወትሮው አይደለም፤ ተንዘፍዝፎ መሬት ላይ ወደቀብን፤ ሆስፒታል አስገብተነዋል፤ ድረሺ» ብላኝ ነበር። እኔም የቤተሰባችንን መድኃኒት ይዤ መውጣቴ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ደምሴን ወባ ይይዘዋል፤ ይህ በቤታችን እንደ ፀሐይ መውጣት የታወቀ ነገር ነው። የሚሽረውም በዚሁ በነጭ ሽንኩርት አረቄ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳልጠራጠር ኖሬአለሁ።

በመስኮቱ ንፋስ ሲገባ ሽታው አልጠፋም፤ እንዲያውም እኔን ይዞኝ ወደ ኋላ ሄደ። ዘመኑ የማን ዘመን እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ዕድሜዬ ሰባን ከዘለለ ወዲህ መንግሥታቱ ተምታተውብኛል። የማይምታታብኝ ሌላው ሌላው ነው። አንድ መለኪያ አረቄ በስሙኒ ነበር። ቀይ ባሕር ዳር ደርሶ የሚመለስ ሾፌር የናይለን ሸሚዙን ደረት እስከ እምብርቱ ከፍቶ፣ አፍሮውን በሹካ ማበጠሪያ አቁሞ፣ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ እግሩን አንሰራፍቶ ይቀመጣል። እኔ መልካ ወረር አካባቢ ባለ የጥጥ እርሻ ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ደመወዝ ስቀበል ወደ አዋሽ እሄድና ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወገቡ የጠበበ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ ቀሚስ አሰፋለሁ። ሰብለ ፎቶዬን አይታ «ይቺማ አንቺ አይደለሽም» ትለኛለች። ከጣቢያው ቡፌ የቴፕ ዘፈን ይለቀቃል፤ ክራርና ሳክስፎን ተቀላቅሎ፣ የሄደ ሰው ስለማይመለስበት መንገድ። ባቡሩ ሲገባ ዘፈኑ ይዋጣል፤ ባቡሩ ሲቆም ከቆመበት ይቀጥላል። ያ ጥግ ዛሬ የሞባይል ካርድና የቻርጀር ሱቅ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ግን ያ ዘፈን ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ጊዜ ብዙም አልወደውም ነበር።

ደምሴ ታናሼ ነው። ከወረኢሉ ለጥጥ ለቀማ ከሚመጡት ጋር በጭነት መኪና ላይ ቆሞ መጣ፤ ካኪ ቁምጣ፣ ኮንጎ ጫማ፣ በትከሻው ላይ እናታችን የፈተለችው ጋቢ፣ በዚያ ሙቀት! ስትሸኘው፣ «ልጄ፣ አገሩ ቆላ ነው፣ ወባ አለ፣ ውሃውን እንዳትጠጣ» ብላው ነበር። ውሃ አትጠጣ ያለችውን ያን ያህል ጠንቅቆ ይፈጽመዋል ብላ ግን አላሰበችም። እኔ የተከራየሁት እዚያው ወረር፣ እማማ ዘነቡ የሚባሉ አረቄ ሻጭ ግቢ ውስጥ ስለነበር እሱንም እዚያው አስገባሁት። እማማ ዘነቡ አረቄያቸው ከደጋ በጀሪካን፣ እስከ አዋሽ በባቡር፣ ከሽንኩርትና ከድንች ጆንያ ጋር ይመጣላቸዋል። የደጋ ሰው ከመኪና በወረደ ማግሥት ጠርተው ያስቀምጡታል። «ወባ የሞቀ ደም አትወድም» ይላሉ። ነጭ ሽንኩርቱን በሙቀጫ ወቀጥ አድርገው ጠርሙሱ ውስጥ ይጨምራሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰነብቱታል፣ ከዚያ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ መለኪያ፣ ማታ አንድ መለኪያ። በእርሻው ክሊኒክ የሚታደለው ኪኒን ደግሞ ምላስ ላይ ገና ሳይቀመጥ ፊት ያስቋጥራል፣ ከዋጡት በኋላም ሰውነትን እንደ ጉንዳን እየበላ ያሳክካል። እስቲ በሞቴ፣ ከሁለቱ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

በዚያ ላይ ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም። ወባ ነበር። ከጭነት መኪናው ዘፍኖ የወረደ ጎረምሳ ቦዩ ዳር ባለ ድንኳን ውስጥ ሁለት ሌሊት ነዶ በሦስተኛው የሚቀበርበት ዘመን ነበር። ለዚህ ነው ደምሴ መለኪያውን ሲያነሣ ደስ የሚለኝ። ታናሽ ወንድሜ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፣ እናቴ ብታየኝ ታመሰግነኛለች እል ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ማንም «ሱስ» የሚል ቃል አያወጣም። ሾፌሩ ቢራ የሚጠጣው አቧራውን ለማጠብ ነው። ከሰዓት በኋላ ጡሩንባዋን እያስጮኸች ከሐረርጌ በኩል የምትገባውን የጫት መኪና የሚጠብቀው ሠራተኛ የሚቅመው ሙቀቱን ለመርሳት ነው። ቅሞ ሲመረቅንና እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ በአረቄ «ጨብሲ» የሚያደርገው ለመተኛት ነው፤ ጠዋት ራሱን ሲያመው ሲጋራ የሚለኩሰው ለመንቃት ነው። ሁሉም መድኃኒት ነበር፤ በሽታው የቱ እንደነበር ነው ዛሬ የጠፋብኝ። አሁን አዋሽ ላይ ሰፈራችን ውስጥ ያሉ ወጣቶች ሺሻ ቤት ገብተው በር ይዘጋሉ፤ አንዳንድ ሾፌር እስከ ጅቡቲ ድረስ ዓይኑ እንዳይከደን ኪኒን ይውጣል፤ ሌላው የሕመም ማስታገሻውን ያለ ሕመም ይቅመዋል። እኛ አሮጊቶች ቁጭ ብለን «የዘንድሮ ልጆች!» እያልን እናማቸዋለን። አንዱ ጎረምሳ አንድ ቀን ሰምቶኝ፣ «እማማ፣ የእርስዎ ዘመን ሰዎች በምን ነበር የሚሞቱት?» አለኝ። «በወባ» አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

የሁዳዴው ነገር የጀመረው ደምሴ ካቦ ከሆነ በኋላ ነው። ካቦ ሲሆን ቁምጣው ቀረ፤ ቴትሮን ሱሪ፣ ከደረት ኪሱ ብቅ ያለ ማበጠሪያ፣ ጸጉሩ ላይ ቅባት። ለቃሚዎቹን የሚያዝ ሰው ስለሆነ ሁሉም ይጋብዘዋል፤ ጠዋትና ማታ የነበረው መለኪያ በመካከል ልጆች ወለደ። እሱ ግን እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ ነው። የንስሐ አባቱ «ዓመቱን እንዳሻህ፤ ሁዳዴን ግን መጠጥ በአፍህ እንዳይገባ» ብለው ገዘቱት። እሺ አለ። ቅበላ ዕለት የቻለውን ያህል ጠጥቶ፣ ጠርሙሱን ለእማማ ዘነቡ አስረክቦ፣ ሰኞ ጾሙን ያዘ። ማግሥቱን እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆኖ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ ተኛ። «ወባ!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። ክሊኒክ ወስደን ኪኒኑን ዋጠ፣ አሳከከው እንጂ አልተሻለውም። ያን ጊዜ እማማ ዘነቡ ቄሱ ዘንድ ሄደው «አባቴ፣ ለመድኃኒት ነው» ብለው አስፈቀዱና ከዚያች ከነጭ ሽንኩርቷ ሁለት መለኪያ አጠጡት። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንቀጥቀጡ ቆመ። ተነሥቶ ሽሮ በላ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ማን ያስክደኛል? የአረቄው ዝና ከዚያ ቀን ወዲያ ከግቢያችን አልፎ እስከ እርሻው ካምፕ ደረሰ።

በየዓመቱ እንዲያ ሆነ። ቅበላ፣ ጾም፣ ወባ፣ መድኃኒት። ጾሙ ውስጥ መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ ስለሚወስድ፣ እውነቱን ለመናገር የሁዳዴው ከፋሲካው ብዙም አያንስም ነበር። ወተት የምታመጣልን አንዲት የአፋር ሴት ነበረች። ጾም ስለያዝን ወተቱን ስንመልስባት እየገረማት በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር፤ አንድ ቀን፣ «የእኛ ወባ ዝናብ ታውቃለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ትመጣለች። የእናንተ ወባ ጾም ታውቃለች እንዴ?» አለችን። ሆዳችንን ይዘን ሣቅን። ለሰውም እየደጋገምን አወራነው፤ «የእኛ ወባ ክርስቲያን ናት» እያልን። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ጉዱን ሰምተነው በሣቅ አሳለፍነው። ደምሴ አገባ፣ ሚስቱ መድኃኒቱን መዘፍዘፍ ከእማማ ዘነቡ ተማረች። ሰመራ ከባዶ ሜዳ ላይ ከተማ ሆኖ ሲነሣ እዚያ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጥሮ ሄደ፤ ወባውም አብሮት ሄደ። ሚስቱ ስትሞት ሽንኩርቱን ወቅጦ መዘፍዘፉ የሰብለ ሆነ። ዘንድሮ ሰብለ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑን ልታሳቅፈው ስትል የአያትየው እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ ልጁን መልሳ ወደ ደረቷ ወሰደችው። እሱም አየ። ለዚህ ነው ሁዳዴ ሲገባ፣ «ዘንድሮ መድኃኒቱም ይቅርብኝ፤ ወባው ከገደለኝ ይግደለኝ» ብሎ የማለው።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ አዳይቱ ከተማ ላይ ቆመን ሲፈላ ውሎ የጠቆረ ሻይ ጠጣን፤ ፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ውሃ ያለ እያስመሰለ ያታልላል። ሰመራ ስንደርስ ያ ንፋስ ተቀበለን፤ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ያለ ንፋስ። ሰብለ ሆስፒታሉ በር ላይ ሕፃኑን አቅፋ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። «ደሙን መረመሩት፣ ወባ የለም ይላሉ» አለችኝ። «ተደብቆ ነው» አልኳት ወዲያው፤ ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከምርመራ እንደሚያመልጥ በአገሩ ያልሰማ የለም። ገብቼ አየሁት። ወንድሜ ጥጥ እየለቀመ ነበር። ዓይኑ ፈጥጦ፣ ከብርድ ልብሱ ላይ በሁለት ጣቱ እየነቀለ ወደ ሌለ ጆንያ ይከታል፤ «ሥር ሥሩን ልቀሙ! ቅጠል አታስገቡብኝ!» ይላል። «ደምሴ፣ እኔ ነኝ» ብለው፣ «እታለም፣ ከፀሐዩ ግቢ፣ ይመታሻል» አለኝና ወደ ለቀማው ተመለሰ።

ሐኪሙ የአፋር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰብለን የሚያህል። በሽተኛውን አይቶ ወደ እኛ ዞረ። «መጠጥ ይጠጣሉ?»

«ኧረ በፍጹም! ጾመኛ ነው» አለች ሰብለ።

እኔ ደግሞ የወንድሜ ክብር እንዳይጎድል ቸኮልኩ። «ዶክተር፣ ማንም የሚመሰክርለት ነው። ቅበላ ካለፈ ወዲህ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም! መድኃኒቱን እንኳ እንቢ ብሏል።»

«የምን መድኃኒት?»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፎጣው ፈታሁለት። ሽታው ክፍሉን ሞላው። የአጠገብ አልጋ በሽተኛ ሳል ጀመረ። ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ራሱን ወደ ኋላ አደረገ። «ይሄን ሁልጊዜ ይወስዱ ነበር?»

«ጠዋትና ማታ። በመካከልም ሰው ከጋበዘው እንቢ አይልም። ሰብለ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ነው።»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «እናቴ፣ ያመማቸው ማቆማቸው ነው።»

«ምን ማቆሙ?»

«መጠጡን። በአንድ ጊዜ ማቆማቸው ነው የጣላቸው።»

«ባለመጠጣት የሚታመም ሰው አለ? ታዲያ መድኃኒቱ መጠጡ ነው ማለት ነዋ!» ፕላስቲኩን ወደ አልጋው አስጠጋሁት።

«አይደለም። በሽታው መጠጡ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ።

እሱ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «ይስሙኝ» አለ። «ሰውነታቸው ይህን ሁሉ ዓመት አረቄውን ተመርኩዞ ነው የቆመው። ምርኩዙን ድንገት ሲነጥቁት ወደቀ። ግን እግሩንም የሰበረው ያው ምርኩዝ ነው። ይሄን ቢያጠጧቸው ዛሬ ጸጥ ይላሉ፤ ጸጥ ሲሉ እናንተ ዳኑ ትላላችሁ። ጉበታቸው ግን የቀረው ጥቂት ነው። ብቻቸውን ቤት ውስጥ ቢያቆሙ ደግሞ ይኸው እንዳያችሁት ነው፣ በሰዓቱ ባታመጧቸው ይሞቱ ነበር። እኛ በመርፌና በኪኒን፣ በቫይታሚን፣ ቀስ እያደረግን እናስለቅቃቸዋለን። ሁለቱንም ልብ ይበሉልኝ፤ መጠጣቱም ድንገት ማቆሙም ይገድላል።»

«ወባውስ?» አለች ሰብለ በቀጭን ድምፅ።

«ወባ የለባቸውም። በየሁዳዴው የሚነሣባቸው ይሄው ራሱ ይመስለኛል።» ተነሣና ፕላስቲኩን ወስዶ መታጠቢያው ላይ ደፋው። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ከዚህ ይድናሉ ብዬ አስባለሁ፣ ኢንሻ አላህ። የምፈራው ከዚያ በኋላ ነው። ጠያቂው ሁሉ መድኃኒት ነው እያለ ያመጣላቸዋል፤ ያን ከተቀበሉ በሚቀጥለው አልደርስላቸውም» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተረዳሁ መስሎኝ ነበር፤ ግን ነገሩን በአንድ በኩል ስይዘው በሌላው ያመልጠኛል። ቁጭ ብዬ የማውቃቸውን ወባዎች ሁሉ አንድ በአንድ ማሰብ ጀመርኩ። ቦዩ ዳር የሞተው ጎረምሳ፣ መቼም እሱ ገና አረቄ እንኳ ሳይለምድ ነው የሞተው፣ የእሱስ ወባ ነበር። የደምሴ ባልደረባ የነበረው፣ ቅበላን ከእኛ ጋር በልቶ ጠጥቶ ሁዳዴ በገባ ሳምንት «ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ» ብለን የቀበርነው ካቦስ? በመስከረም የሚይዘንስ? እማማ ዘነቡን ልራገማቸው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ደምሴ ሲታመም የእሳቸው ዓይን እንባ ሞልቶ መለኪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያጠጡት ትዝ አለኝ። ክፉ አልነበሩም። እኛም ክፉ አልነበርንም። ወንድሜ በዕድሜው ያደረገው ትልቁ ጽድቅ ጾሙን ማክበሩ ነው፤ ሊገድለው የነበረውም እሱው ነው። እንዴት አድርጌ ነው ይህን ለሰው የምነግረው? አናደደኝ፤ በማን እንደምናደድ ግን አጣሁ። ያቺ በአባዱላው ውስጥ መስኮት የከፈተች ሴት ብትኖር ኖሮ «አንቺ ምን ብለሽ ነበር?» ብዬ በጠየቅኋት።

ደምሴ ጥጡን ለቅሞ ጨርሶ እንቅልፍ ወሰደው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ ጠራ፤ እጁ ዝም አለ። ሐኪሙ ራሱ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነገረው። ወንድሜ ሰምቶ ሲጨርስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና፣ «ሰው እንዳይሰማ። ለሚጠይቀው ሁሉ ወባ ነው በሉ» አለን። «እሺ» አልነው። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ እኔም ወባ ማለቱ ይቀለኛል፤ ዕድሜ ልኬን ስለው የኖርኩት ነው። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ግን እዚያው ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ወባ ነው ካልን መድኃኒቱ ይመጣል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጽዋ ማኅበሩ ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። ሴቶቹ የጾም ምግብ በሣህን፣ ብርቱካን በፌስታል ይዘዋል። ከፊት የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ብርሃኑ ናቸው፤ ከደምሴ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል የሠሩ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ ሰው። «እንዴ ደምሴ! ይቺ ወባ ጨከነችብህ አይደል? እኔንም ታውቃለህ፣ ሁዳዴ ሲገባ ሳትጎበኘኝ አትቀርም። ዘንድሮም ሰኞ ይዛኝ ባለቤቴ ደርሳልኝ ነው» አሉና ዙሪያቸውን አይተው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ነጭ ሽንኩርቱ ከታች ተኝቶ ይታያል። «ይቺን ከትራስህ ሥር አድርጋት። ሐኪሞቹ አይገባቸውም።»

ሽታው ደረሰኝ፤ ደምሴንም ደረሰው።  እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ፤ ወደ ጠርሙሱ ሲሄድም አየሁት። ሰብለ ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። «አይ፣ አሁንስ ተሽሎታል፣ ወባዋ…» ብዬ ጀመርኩ። ምን ልበል? ወንድሜን በሰው ፊት ላዋርደው ወይስ ጠርሙሱን ልቀበልለት? ሁለቱም ሊገድለው መስሎ ታየኝ።

የወጣችው እጅ ጠርሙሱ ላይ ሳትደርስ ቆመች። «ወባ አይደለም» አለ ደምሴ።

«ምን አልክ?»

«ወባ አይደለም ብርሃኑ። አረቄ ነው። እስከ ዛሬም ወባ አልነበረም። ስጠጣው ኖሬ በድንገት ስተወው ነው የምንቀጠቀጠው። በቅቶኛል፤ ከእንግዲህ የሚወደኝ ሰው ይሄን ነገር አያምጣብኝ።» ድምፁ ደክሞ ነበር፤ ግን በክፍሉ ውስጥ ያልሰማው የለም።

አንዷ ሴት አማተበች። ሌላዋ ሣህኑን አስቀምጣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሕመሙ በስሙ ሲጠራ ሰው መቀመጥ አይችልም፤ ብርቱካኑን ትተው፣ «ሕፃኑ ያድግ ይመንደግ» እያሉ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ሰብለ ልትሸኛቸው ተከተለቻቸው። ደምሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ነበር፤ እኔም ስለ እሱ አፈርኩ፣ ደግሞ ኮራሁ፣ ሁለቱ ደረቴ ውስጥ ተደባለቁብኝ።

አቶ ብርሃኑ ግን አልወጡም። ጠርሙሷን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ኮታቸውን እንደ ማስተካከል ብለው ነፃውን እጃቸውን ፊታቸው ላይ ዘረጉና ተመለከቱት፤ ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ። ያ ከፍ ያለ ድምፃቸው የት እንደሄደ እንጃ፣ በሹክሹክታ፣ «እትዬ አስካለ፣ ይሄ ዶክተር… ዛሬ ይመጣል?» አሉኝ።

እኔ ከመመለሴ በፊት ደምሴ ከግድግዳው ዞረ። ያየውን አየ። እግሮቹን ወደ ራሱ ሰብስቦ ከአልጋው ጫፍ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ይመጣል» አለ። «ና፣ ተቀመጥ።»